በአንድ ጥይት አይፈረድም፦ ርካሽ ጠመንጃን የመለካት ታሪክ

ቀኑ ጁላይ 2፣ 1860 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለንደን አጠገብ በሚገኘው የዊምብልደን ሜዳ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር የመጀመሪያውን ታላቅ የተኩስ ውድድር እየከፈተ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ቀረብ ብለው አንዲት የሐር ገመድ ሳብ አደረጉ። ጠመንጃው ጮኸ። 400 ያርድ፣ ማለትም 366 ሜትር ያህል ርቆ የቆመው ኢላማ ከመሃሉ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ተመታ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ታዲያ ይህ ጥይት ምን ነገረን? ንግሥቲቱ ጎበዝ ተኳሽ ነበሩ ማለት ነው? አይደለም። ጠመንጃውን የጨበጡት እሳቸው አልነበሩም። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው መሐንዲስ ከብረት በተሠራ ማስደገፊያ ላይ አስሮ፣ አነጣጥሮ፣ ሁሉን አዘጋጅቶ ነው የጠበቃቸው። እሺ፣ ጠመንጃው ጥሩ ነበር ማለት ነው? ጥሩ ነበር፤ ግን ይህን ያወቅነው በሌሎች ብዙ ጥይቶች እንጂ በዚያች አንዲት ጥይት አይደለም። አንድ ጥይት በዕድልም መሃል ሊመታ ይችላል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን አስቡ። ከፊታችሁ ዋጋው ርካሽ የሆነ፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ የአደን ጠመንጃ አለ። ባሩዱ በአፈሙዝ ይገባል፣ አረሩ ይከተላል፣ ከዚያ በዘንግ ይጠቀጠቃል። አዳኙ ያለው አንድ ጥይት ነው፤ ከሳተ ደግሞ ዳግመኛ ለማጉረስ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፣ አውሬውም አይጠብቀውም። ከሳተው ይሻላል እንጂ ካቆሰለው እንስሳው በየጫካው ሲሰቃይ ይሰነብታል። በርሜሉ ደካማ ከሆነ ደግሞ የሚጎዳው ተኳሹ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ጠመንጃ “ጥሩ ነው” ወይም “አይረባም” የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ይህ ጥያቄ ረጅምና አስገራሚ የምህንድስና ታሪክ አለው። መልሱ ሲጠቃለል፦ አንዱን ትልቅ ጥያቄ ለሦስት ትንንሽ ጥያቄዎች መክፈል ነው። ይፈነዳል ወይ? ጥይቶቹን አንድ ቦታ ያሳርፋል ወይ? ስህተቱስ የማን ነው፣ የጠመንጃው ወይስ የተኳሹ?

ጥያቄ አንድ፦ ይፈነዳል ወይ?

ድሮ የጠመንጃ በርሜል ይሠራ የነበረው ዝርግ ብረት በእሳት ግሎ፣ በዘንግ ዙሪያ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ በመዶሻ እየተመታ በመበየድ ነው። ከላይ ሲታይ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ብየዳው ውስጥ የተደበቀ ክፍተት ካለ ግን ዓይን አያየውም። የመጀመሪያው መፍትሔ ጭካኔ የሚመስል ግን ብልህ ነበር፦ ከመሸጡ በፊት ከተለመደው በብዙ የሚበልጥ ባሩድ አጉርሶ፣ ሰው ራቅ ብሎ መተኮስ። የሚፈነዳው እዚያው ይፈንዳ! የተረፈው ማኅተም ይመታበታል።

የዛሬዋ ቤልጅየም ከተማ ሊዬዥ ይህን ፈተና በሕግ የደነገገችው በ1672 ነው። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ደግሞ በ1637 በንጉሣዊ ቻርተር ተቋቁሟል። በርሚንግሃም ውስጥ የፈተና ቤት የተሠራው በ1813 በወጣ የፓርላማ አዋጅ ሲሆን፣ የሚገርመው ነገር ሕጉ ይውጣልን ብለው የጠየቁት ራሳቸው የከተማው ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው። ለምን? ርካሽ ሸቀጥ የሚያመርቱ አንዳንዶች የሁሉንም ስም ሲያጠፉ፣ ሐቀኛው ሠሪ ከአጭበርባሪው የሚለይበት ምልክት ያስፈልገው ነበር። ያ ቤት ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ግን ልብ በሉ፦ ማኅተሙ “አይፈነዳም” ይላል እንጂ “ይመታል” አይልም። ጠንካራ በርሜል ጥይቱን የትም ሊልከው ይችላል።

ውበት ስንት ያስከፍላል?

ገዢው ማኅተም ማንበብ ካልቻለ ሌላ ምልክት ይፈልጋል። የሃድሰን ቤይ ኩባንያና ሌሎች ነጋዴዎች ለሰሜን አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች በፀጉር ቆዳ እየለወጡ የሚሸጡት ርካሽ ጠመንጃ ነበር። በጎኑ ላይ የዘንዶ ቅርጽ ያለው ናስ ይለጠፍበታል። ናሱ ለመተኮስ ይህን ያህል የሚጨምረው ነገር የለም። ሆኖም ገዢዎቹ “ትክክለኛው ጠመንጃ ይህ ነው” ብለው የሚለዩት በእሱ ስለነበር፣ ዘንዶ የሌለበትን አንፈልግም ይሉ ነበር። ስለዚህ ሠሪዎች ቅርጹን ለረጅም ዘመን ሳይተዉት ቀሩ። እኛስ ስልክ ስንገዛ በስተጀርባው ያለውን አርማ አይደል የምናየው?

ተቃራኒው ምሳሌ ከአሜሪካ ደቡባዊ ተራሮች ይመጣል። በአፓላችያ የነበሩ ገበሬዎችና አዳኞች የሚይዙት ጠመንጃ በኋላ “የድሃ ልጅ” የሚል ስም ተሰጠው። ናስ የለበትም፣ ቅርጻ ቅርጽ የለበትም፣ በሰደፉ ላይ የሚሠራው ያማረ ሣጥንም የለም። ማያያዣዎቹ ተራ ብረት ናቸው። ሠሪው የቆጠበው ከጌጡ እንጂ ከበርሜሉ አልነበረም። በጥሩ እጅ የተሠራው ደግሞ ከውድ ወንድሙ እኩል ይተኩሳል።

ስለዚህ ርካሽ ጠመንጃ ሲገጥማችሁ የመጀመሪያው የምህንድስና ጥያቄ “ስንት ነው?” ሳይሆን “ገንዘቡ የተቀነሰው ከየት ነው?” የሚለው ነው። ከጌጡ ከሆነ ግድ የለም። ከበርሜሉ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በርሜሉን ለመመርመር የድሮ ባለሙያዎች ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ በመስኮቱ ብርሃን ፊት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ካለ ይበቃቸዋል። በርሜሉን ወደ መስኮቱ አቅንተው በውስጡ ሲያዩ የመስመሩ ጥላ የተወለወለው ግድግዳ ላይ ይታያል። በርሜሉ ቀጥ ያለ ከሆነ ጥላውም ቀጥ ይላል፤ የጎበጠ ከሆነ ጥላው ይታጠፋል። ባለሙያው የታጠፈበትን ቦታ በዓይኑ ለይቶ በመዶሻ ቸብ፣ ከዚያ ድጋሚ ማየት። ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጉብጠት በዚህ ዘዴ ይያዛል።

ጥያቄ ሁለት፦ ጥይቱ ለምን ይባዝናል?

ቤንጃሚን ሮቢንስ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በ1742 ስለ ተኩስ አዲስ መርሆዎች የሚያትት መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ የጥይትን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አስተዋወቀ፦ ጥይቱ የተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ይመታል፣ እንጨቱ ይወዛወዛል፣ ከውዝዋዜው ስፋት ፍጥነቱ ይሰላል። የፊዚክስ ትምህርት ላይ “የሞመንተም ጥበቃ” ስትማሩ የሚመጣው ምሳሌ እሱ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ሙከራው ነው። ያኔ ተራው ወታደር የሚይዘው ጠመንጃ ውስጡ ልሙጥ ነበር። የእንግሊዞቹ በርሜል ውስጣዊ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን አረሩ 17.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቶሎ እንዲጎርስ ተብሎ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው። አረሩ በዚህ ክፍተት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይወጣል፤ በመጨረሻ የነካው ግድግዳም ሳያስበው ሽክርክሪት ይሰጠዋል። ሮቢንስ ይህን ለማሳየት የጠመንጃውን ጫፍ ወደ ግራ ጎንበስ አደረገውና በመንገዱ ላይ ስስ የወረቀት መጋረጃዎችን ሰቅሎ ተኮሰ። አረሩ መጀመሪያ ወደ ግራ ወጣ፤ ቀዳዳዎቹ እንዳሳዩት ግን ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፈ! ለምን? ሽክርክሪቱ ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ይፈጥራል። እግር ኳስ ስትመቱ ኳሷ በአየር ላይ የምትታጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሔውም እዚያው ችግሩ ውስጥ ነበር። ሽክርክሪት የማይቀር ከሆነ እኛ ራሳችን በመረጥነው አቅጣጫ እናሽከርክረው። በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ጠመዝማዛ ቦዮች ይቆረጣሉ፤ አረሩ ቅባት በነካው ቁራጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ጨርቁ ቦዩን ይይዛል፣ አረሩም እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ስንት ጊዜ ይጠምዘዝ? በ1879 ጆርጅ ግሪንሂል ለዚህ ቀላል ቀመር አወጣ፦ 150ን በጥይቱ ዲያሜትር ካሬ አባዙ፣ ከዚያ በጥይቱ ርዝመት አካፍሉ (ሁሉም በኢንች)። የሚገኘው ቦዩ አንድ ሙሉ ዙር የሚዞርበት ርቀት ነው። ዲያሜትሩ ግማሽ ኢንች ለሆነ ክብ አረር መልሱ 75 ኢንች ነው፣ 190 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ርዝመቱ የዲያሜትሩን ሦስት እጥፍ ለሆነ ሾጣጣ ጥይት ግን 25 ኢንች ብቻ፣ ማለትም 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ረጅም ጥይት እንዳይገለበጥ በፍጥነት መሽከርከር አለበት።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ትልቅ ነው፦ “ጥሩ በርሜል” ብቻውን ትርጉም የለውም፤ “ለዚህ ጥይት ጥሩ በርሜል” ነው የሚባለው። ብዙ ርካሽ የአሁን ዘመን የአፈሙዝ ጎራሾች በ48 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ቦይ አላቸው። ከ75 እና ከ25 መሃል የቆመ ስምምነት ነው፤ ሁለቱንም የጥይት ዓይነት ያስተናግዳል፣ አንዱንም ግን በሚገባው ልክ አይደለም። ገዢው የማይስማማ ጥይት አጉርሶ “ይሄ ርካሽ ጠመንጃ አይረባም” ቢል ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም።

ሌላው ወሳኝ ቦታ የአፈሙዙ ከንፈር ነው። ጥይቱ በመጨረሻ የሚነካው እሱን ነው። በአንድ በኩል ከተበላ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ላይ ደግሞ መጠቅጠቂያው ዘንግ ሁልጊዜ ይህን ከንፈር እያሸ ይጎዳዋል። በ1840 አልቫን ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ለዚህ መላ አገኘና ፓተንት ወሰደ፦ ሲጎርስ ብቻ ጫፉ ላይ የሚሰካ፣ ሲተኮስ የሚነሳ “የውሸት አፈሙዝ”። ስሙን የሥነ ፈለክ ወዳጆች ሳታውቁት አትቀሩም። በኋላ የዓለም ትልልቅ ቴሌስኮፖችን ምስሪት የሠራው ያው ክላርክ ነው።

ስንት ጥይት ይበቃል?

አሁን ጠመንጃው ተተኩሷል እንበል። ኢላማው ላይ ቀዳዳዎች አሉ። እንዴት ወደ ቁጥር እንለውጣቸው?

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለዩልኝ። አንደኛው፣ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል ተቀራርበዋል? ሁለተኛው፣ የቀዳዳዎቹ አማካይ ቦታ ከኢላማው መሃል ምን ያህል ርቋል? ሁለተኛውን ማነጣጠሪያውን ትንሽ ገፋ በማድረግ ታስተካክሉታላችሁ፣ ነፃ ነው። የመጀመሪያውን ግን ምንም ማነጣጠሪያ አያድነውም። ጥይቶቹን ሁሉ ከመሃሉ አንድ ስንዝር በስተግራ፣ ግን አንድ ቀዳዳ ውስጥ የሚከት ጠመንጃ ድንቅ ጠመንጃ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን ተወዳዳሪዎች በክር ይለኩ ነበር፦ ከመሃል እስከ እያንዳንዱ ቀዳዳ ክሩን ይዘረጋሉ፣ ርዝመቶቹን ይደምራሉ፣ ክሩ ያጠረለት ያሸንፋል። እንግሊዞቹ በሃይዝ ከተማ በ1853 ባቋቋሙት የተኩስ ትምህርት ቤት ደግሞ መጀመሪያ የቀዳዳዎቹን አማካይ ቦታ ፈልገው፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ርቀት አማካይ ያሰሉ ነበር። ይህ ሁለተኛው ዘዴ ለጠመንጃው ይበልጥ ፍትሐዊ ነው፤ ማነጣጠሪያው ስለተዛባ ብቻ አይቀጣውም።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ሦስት ጥይት ተኩሶ በጣም በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው። ይህ ያታልላል። ለምን? የጥይቶቹ መበታተን መደበኛውን የስታቲስቲክስ ሕግ ከተከተለ፣ ሦስት ጥይት በአማካይ የሚሰጠው ስፋት የመበታተኑን መለኪያ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 2.4 ጊዜ ያህል ነው፤ አምስት ጥይት 3.1 ጊዜ፣ አሥር ጥይት 3.8 ጊዜ ያህል ይሰጣል። ያው ጠመንጃ፣ ያው ተኳሽ፣ ያው ቀን! በሦስት ጥይት 5 ሴንቲ ሜትር ያሳየው ጠመንጃ በአሥር ጥይት ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ እውነቱ አሁን ወጣ ማለት ነው። “ሦስት ተኩሼ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገቡ” የሚል ሰው ሲገጥማችሁ “ቀጥሎ ያሉት ሰባቱስ?” በሉት።

ጥያቄ ሦስት፦ ስህተቱ የማን ነው?

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ላይ ተኳሹ የፋብሪካ ሠራተኛም ነው። ባሩዱን ይሰፍራል፣ አረሩን ይጠቀጥቃል። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ የሚበልጠው ክብደቱ ጠጣር ሆኖ ስለሚቀር፣ በርሜሉ ከጥይት ጥይት እየቆሸሸ ይሄዳል። አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ የጠቀጠቀ ሰው ሁለት የተለያዩ ጥይቶችን ነው የተኮሰው።

ዊትዎርዝ ጠመንጃውን ብረት ላይ ያሰረው ለዚህ ነበር፦ የሰው እጅ ከስሌቱ እንዲወጣ። ማንቸስተር ውስጥ 500 ያርድ የሚረዝም፣ ነፋስ የማያስገባ መተኮሻ ሠርቶ በየርቀቱ ጥይቱ የሚያልፍባቸውን ወረቀቶች ሰቀለ። ብዙ ከሞከረ በኋላ ውስጡ ባለ ስድስት ጎን የሆነ፣ በ20 ኢንች አንዴ የሚዞር በርሜል ላይ ደረሰ። ግሪንሂል ቀመሩን ከማውጣቱ 20 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በሙከራ ብቻ እዚያው አካባቢ ደርሷል ማለት ነው።

በ1857 ከሠራዊቱ ኤንፊልድ ጠመንጃ ጋር ተወዳደረ። በ500 ያርድ የኤንፊልዱ አማካይ ስህተት 2.24 ጫማ፣ ማለትም 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። የዊትዎርዝ 0.37 ጫማ፣ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ስድስት እጥፍ! ሠራዊቱ ግን ኤንፊልዱን ይዞ ቀጠለ። የዊትዎርዝ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር፤ ጠባቡ በርሜሉም በባሩድ ጥላሸት ቶሎ ስለሚታነቅ ለማጉረስ ያስቸግራል።

ሞኝነት ነበር? እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የጠመንጃው መበታተን 3 ሴንቲ ሜትር፣ የተኳሹ እጅ መበታተን 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሁለቱ አይደመሩም፤ ካሬያቸው ነው የሚደመረው፦ 9 ሲደመር 100፣ ሥሩ 10.4። አሁን ብዙ ገንዘብ አውጥታችሁ ሁለት እጥፍ የተሻለ ጠመንጃ ገዛችሁ፤ 3 የነበረው 1.5 ሆነ። ውጤቱ 10.1! ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ያተረፋችሁት። በዚያው ርካሽ ጠመንጃ ተለማምዳችሁ የእጃችሁን ስህተት ከ10 ወደ 5 ብታወርዱት ግን ውጤቱ 5.8 ይሆናል። የገንዘቡ ቦታ የት እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ልክነት ብቻም አይደለም

ይህ ታሪክ የእኛንም አገር ነክቷል። እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ባስፈለጋቸው ጊዜ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ርካሹን መንገድ መረጡ፦ የኤንፊልዱን በርሜል ከኋላ በኩል ከፍተው ክዳን ገጠሙለት። ስናይደር ተባለ። ከአዲሱ ጥይቱ ጋር ሲፈተን ከቀድሞው ኤንፊልድ በልክነትም በለጠ።

ይህ ጠመንጃ በትልቅ ውጊያ የተሞከረው አፕሪል 10 ቀን 1868፣ መቅደላ ሥር፣ እሮጌ ላይ ነው። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር የያዘው በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። አንዱ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲተኩስ ሌላው አሥር ጊዜ ያህል ይተኩሳል። ከኢትዮጵያውያኑ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው፣ ፊታውራሪውም ጭምር፣ ወደቁ። ከእንግሊዞቹ በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። በኢላማ ወረቀት ላይ የማይታይ አንድ ቁጥር፣ የማጉረሻ ጊዜ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ወሰነ። አንድ መሣሪያ “ጥሩ ነው” ስንል ሁልጊዜ “ለምን ሥራ?” የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

ለአደን ግን በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ አልሞተም። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለእሱ ብቻ የተለየ የአደን ወቅት አላቸው። በ1985 የሚዙሪው ቶኒ ናይት ማቀጣጠያውን በቀጥታ ከባሩዱ ኋላ ያደረገውን ኤምኬ-85 ካወጣ ወዲህ ደግሞ ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ርካሽ ሞዴሎች ገበያውን ሞልተውታል።

እንግዲህ ከእነዚህ አንዱን ፍረዱ ብትባሉ መንገዱን አሁን ታውቁታላችሁ። የፈተና ማኅተሙን ፈልጉ። በርሜሉን በብርሃን ፊት እዩ፣ የአፈሙዙን ከንፈር መርምሩ። ቦዩ በስንት ኢንች እንደሚዞር ጠይቁና ጥይቱን ከእሱ ጋር አስማሙ። ለፈተናው ጠመንጃውን የሚያውቅ ሰው አስደግፎ፣ ባሩዱን እየሰፈረ፣ በየመሃሉ እየወለወለ አሥር ጥይት ይተኩስ። የቀዳዳዎቹን አማካይ አግኙ፣ የእያንዳንዱን ርቀት ለኩ። ከዚያ ያው ሰው በእጁ ብቻ ይዞ አሥር ይድገም። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው ልዩነት የሰውየው ድርሻ ነው፤ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ የጠመንጃው። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ጠይቁ።